ከክፍል የሚወጣው ማን ነው? በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ቅጣት ያለው የዘር ልዩነትና የሚለዋወጠው ፖሊሲ

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2025 ከፈረሟቸው ሥራ አስፈጻሚ ትዕዛዞች አንዱ የተማሪዎችን ቅጣት የሚመለከት ነበር። ትዕዛዙ ቀደም ሲል የወጡ የፌዴራል መመሪያዎች ተማሪዎች በሠሩት ጥፋት ብቻ ሳይሆን በዘራቸው እየታዩ እንዲቀጡ አድርገዋል ሲል ይከስና በምትካቸው አዲስ መመሪያ እንዲዘጋጅ ያዝዛል። ከዚያ ወዲህ በሚደረገው ክርክር ሁለት ግንዛቤዎች ጎልተው ይሰማሉ። አንዱ «ጥቁር ተማሪዎችን ከአድልዎ የሚጠብቀው ሕግ ተሻረ» የሚል ሲሆን፣ ሌላው «መምህራን ረባሽ ተማሪ እንዳይቀጡ ተከልክለው ነበር፤ አሁን ተፈቀደላቸው» የሚል ነው። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የተሻረውንና ያልተሻረውን ለመለየት፣ ልዩነቱ ከየት እንደሚመነጭ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሩ የሚለውና የማይለው

በአሜሪካ ተማሪን ከትምህርት የሚለይ ቅጣት በዋናነት ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ እዚያው ግቢ ውስጥ በሌላ ክፍል ማቆየት ነው። ሁለተኛው፣ «ሰስፔንሽን» ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው፣ ለተወሰኑ ቀናት ወደ ትምህርት ቤት እንዳይመጣ ማገድ ነው። ሦስተኛው ማባረር ነው። በኢትዮጵያ «ወላጅ ይዘህ ና» ተብሎ ከበር የተመለሰ ተማሪ የሁለተኛውን ስሜት ያውቀዋል። ልዩነቱ የአሜሪካው እገዳ የጥፋት ዓይነት ተለይቶለት በተማሪው ፋይል የሚሰፍር፣ ድምሩም እስከ ፌዴራል የትምህርት ሚኒስቴር ድረስ የሚሄድ መሆኑ ነው። በሚኒስቴሩ ውስጥ ያለው የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት ይህን ቁጥር ከመላ አገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሰበስባል፤ ስለ ዘር ልዩነቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚታወቀውም በአብዛኛው ከዚህ ቆጠራ የመጣ ነው።

በ2017–18 የትምህርት ዘመን ጥቁር ተማሪዎች ከጠቅላላው ተማሪ 15 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ከትምህርት ቤት ውጭ ከታገዱት መካከል ግን 38 በመቶ ገደማ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ነጭ ተማሪዎች በአንጻሩ 47 በመቶ ሆነው ከታገዱት ውስጥ 33 በመቶ ገደማ ድርሻ ነበራቸው። ሲሰላ አንድ ጥቁር ተማሪ የመታገድ ዕድሉ ከነጭ እኩያው ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። ልዩነቱ በወንዶች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2024 ባወጣው ሪፖርት በዚያው የትምህርት ዘመን ጥቁር ሴት ተማሪዎች ከሴቶቹ 15 በመቶ ሆነው ሳለ፣ ከታገዱት ሴቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት እነሱ እንደነበሩ አሳይቷል። ይበልጥ የሚያስገርመው ፊደል እንኳ ያልቆጠሩት ጉዳይ ነው። በ2011–12 በመዋዕለ ሕፃናት ደረጃ ካሉት ሕፃናት ጥቁሮቹ 18 በመቶ ሲሆኑ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ከታገዱት ግን 48 በመቶ ነበሩ። የአራት ዓመት ልጅ ምን ቢያጠፋ ነው ወደ ቤቱ የሚሰደደው የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ብዙዎችን ያነጋገረ ሲሆን፣ ለሕግ ለውጥም አንዱ መነሻ ሆኗል።

ቁጥሩን ሲያነቡ ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል። በ2011–12 ከትምህርት ቤት ውጭ የታገዱት ተማሪዎች 3.45 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ በ2017–18 ወደ 2.5 ሚሊዮን ወርደዋል። ጥቁር ተማሪዎችም የዚህ ቅነሳ ተጠቃሚ ነበሩ። ሆኖም በነጭና በጥቁር መካከል ያለው እጥፍ በዚያ ልክ አልቀነሰም። ነገሩ በቀላል ስሌት ይገባል። በአንድ ወረዳ ከመቶ ጥቁር ተማሪዎች 12ቱ፣ ከመቶ ነጮች 4ቱ ይታገዱ ነበር እንበል። ቅጣቱ ለሁሉም በግማሽ ቢቀንስ 6 እና 2 ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ8 ወደ 4 ወርዷል፤ እጥፉ ግን ያኔም አሁንም ሦስት ነው። እገዳን የሚቀንሰው ማሻሻያ ደጋፊ የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ «ግማሽ መንገድ ተጉዘናል» ይላል፤ ተቃዋሚው ሁለተኛውን ይዞ «ምንም አልተለወጠም» ይላል። ሁለቱም የሚያነቡት አንድ ሠንጠረዥ ነው። በጋዜጣ ላይ የሚታየው ንትርክ ቀላል የማይባለው ክፍል ከዚህ የመለኪያ ምርጫ የሚመነጭ ነው።

ሳጥን የምትመርጠው እጅ

ብዙ ሰው የሚያስበው ተማሪ የሚታገደው መሣሪያ ይዞ ሲገኝ፣ አደንዛዥ ዕፅ ሲሸጥ ወይም ሰው ሲጎዳ ነው። በ2011 በቴክሳስ ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት ይህን ግምት አፍርሶታል። አጥኚዎቹ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎችን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛ ተከታትለዋል። ከእነዚህ ተማሪዎች 60 በመቶ የሚጠጉት በእነዚያ ዓመታት ቢያንስ አንድ ጊዜ ታግደዋል ወይም ተባረዋል። ከቅጣቶቹ ውስጥ የክልሉ ሕግ የግድ ያላቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹ 97 በመቶ ትምህርት ቤቱ ከፈለገ ሊያግድ፣ ካልፈለገ ሊመክር፣ ወላጅ ሊጠራ ወይም ሊያልፈው ይችል የነበረ ጉዳይ ነው። የዘር ልዩነቱ የታየውም እዚህ ላይ ነው፤ አጥኚዎቹ የቤተሰብ ገቢን፣ የትምህርት ውጤትንና ሌሎችን ጨምሮ 83 ጉዳዮችን ከግምት ካስገቡ በኋላ እንኳ ጥቁር ተማሪዎች እንዲህ ያለ የውዴታ ቅጣት የሚደርስባቸው ከነጮቹ 31 በመቶ በበለጠ ዕድል ሆኖ ተገኝቷል። ሕግ የግድ ባላቸው ከባድ ጥፋቶች ግን ጥቁሮቹ እንዲያውም ከነጮቹ ያነሰ ድርሻ ነበራቸው።

ይህን በአንድ ወረቀት ላይ ማየት ይቻላል። ተማሪ ከክፍል ሲወጣ መምህሩ «ሪፈራል» የሚባል ቅጽ ይሞላል። ስም፣ ክፍል፣ ሰዓትና ቦታ ከተጻፈ በኋላ የጥፋት ዝርዝር ይመጣል፤ መምህሩ ከዚያ አንዱ ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ከሳጥኖቹ አንዳንዶቹ ማንም ሰው ቢያይ የሚስማማባቸው ናቸው፦ ማጨስ፣ ዕቃ መስበር፣ ሳያስፈቅዱ ከግቢ መውጣት። ሌሎቹ ግን የሚኖሩት በተመልካቹ ዓይን ውስጥ ነው፦ አለመታዘዝ፣ አክብሮት ማጣት፣ ከልክ ያለፈ ጩኸት፣ ማስፈራራት። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ራስል ስኪባና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት ነጭ ተማሪዎች ወደ ርዕሰ መምህር ቢሮ የሚላኩት በብዛት በመጀመሪያው ዓይነት ጥፋት፣ ጥቁር ተማሪዎች ደግሞ በሁለተኛው ዓይነት እንደሆነ አሳይተዋል። ይህ ግኝት ለሃያ ዓመታት ያህል የክርክሩ ማዕከል ሆኖ ቆይቷል፤ በዚህ ጸሐፊ እይታም ከአገር አቀፉ አኀዝ ይልቅ ነገሩን የሚያስረዳው ይኸው ነው።

አክብሮት ማጣት ምን እንደሚመስል ሁሉም ባህል አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። በአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ውስጥ ትልቅ ሰው ሲቆጣው ዓይኑን ወደ መሬት የሚሰብር ልጅ ጨዋ ነው፤ አፍጥጦ የሚያይ ደግሞ ባለጌ። ያው ልጅ በአሜሪካ ክፍል ውስጥ መምህሯ «ሳናግርህ እየኝ» ብላው አቀርቅሮ ዝም ቢል፣ ለእሷ የሚታያት እምቢተኝነት ሊሆን ይችላል። ቅጹ ላይ «በአክብሮት ዝም አለ» የሚል ሳጥን የለም።

«የልጆቹ ጠባይ ነው» የሚለው ክርክር

የ2025ቱን ትዕዛዝ የሚደግፉ ወገኖች መነሻ ሐሳብ ችላ የሚባል አይደለም። የቅጣት ቁጥር ከሕዝብ ድርሻ ጋር አለመመጣጠኑ ብቻውን አድልዎን አያረጋግጥም ይላሉ፤ ድህነት፣ የሰፈር ጥቃትና የቤተሰብ ችግር በዘር እኩል ስላልተከፋፈሉ የልጆች ጠባይም እኩል ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ይህ ክርክር ከ2014 ጀምሮ የጥናት ድጋፍ አግኝቷል። በወንጀል ጥናት ተመራማሪው ጆን ፖል ራይት የተመራ ቡድን ተማሪዎቹ ትንንሽ ሳሉ የነበራቸው የጠባይ ችግር ከግምት ሲገባ በእገዳ ላይ ያለው የዘር ልዩነት እንደሚጠፋ ጻፈ፤ ጽሑፉም በኋላ ለፌዴራል የፖሊሲ ለውጥ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲው ፍራንሲስ ሁዋንግ ጉዳዩን እንደገና መርምረው በ2020 ባወጡት ሥራ ግን ልዩነቱ እንደማይጠፋ አሳይተዋል። ከዚህ በተጨማሪ «የቀድሞ ጠባይ» የተለካው በከፊል በመምህራን ምዘና ስለሆነ፣ ተከሳሹን በከሳሹ ማስታወሻ እንደመዳኘት ነው የሚል ነቀፋ ተነሥቷል።

ከዚህ እሰጥ አገባ ለመውጣት የተሻለው መንገድ አንድን ጥፋት ለሁለት ልጆች እኩል አድርጎ ማየት ነው። በሉዊዚያና የተደረገ ጥናት ይህን ሞክሯል፤ አጥኚዎቹ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ተማሪ እርስ በርስ ተደባድበው ሁለቱም የታገዱባቸውን መዝገቦች ለዩ። ጥቁሩ ተማሪ በአማካይ ረዘም ላለ ጊዜ ታግዶ ተገኘ፤ ልዩነቱ ግን በጣም ትንሽ ነው፣ በሃያ ድብድብ አንድ ቀን ያህል። ይህ ውጤት ለሁለቱም ወገን የማይመች ነው። አድልዎ መኖሩን ያሳያል፤ ይሁንና በአንድ ቢሮ ውስጥ በአንድ ጠብ ላይ የሚታየው አድልዎ ብቻውን ሦስት ተኩል እጥፍን ሊያመጣ እንደማይችልም ያሳያል።

ታዲያ የቀረው ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ድግግሞሽ ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎቹ ጄሰን ኦኮኖፉዋና ጄኒፈር ኤበርሃርት በ2015 ባሳተሙት ሙከራ መምህራን የአንድን ተማሪ ሁለት ቀላል ጥፋቶች እንዲያነቡ አደረጉ። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ነው፤ የተለወጠው የልጁ ስም ብቻ ነው፤ ለአንዳንዶቹ በጥቁሮች ዘንድ የተለመደ፣ ለሌሎቹ በነጮች ዘንድ የተለመደ ስም ተሰጣቸው። በመጀመሪያው ጥፋት ላይ በመምህራኑ ፍርድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በሁለተኛው ላይ ግን ጥቁር የመሰላቸውን ልጅ «አስቸጋሪ ነው፣ አመሉ ነው» የማለት ዝንባሌያቸው ጨመረ፣ ጠንከር ያለ ቅጣትም መረጡ። በ2016 የዬል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ጊሊያም ያደረጉት ጥናት ደግሞ ከጥፋቱ በፊት ያለውን ቅጽበት ያሳያል። የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን አራት ልጆች ሲጫወቱ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰጥቷቸው ረብሻ ሊነሣ ሲል እንዲለዩ ተነገራቸው። በቪዲዮው ውስጥ ምንም ረብሻ አልነበረም። የዓይን እንቅስቃሴን የሚከታተለው መሣሪያ ግን መምህራኑ ጥቁሩን ወንድ ልጅ ይበልጥ ሲመለከቱ መዝግቧል፤ ጥቁር መምህራንም ከዚህ ነፃ አልነበሩም። ሰው ራሱ ሳያውቀው ፍርዱን የሚያዘነብለው እንዲህ ያለው ግምት «ስውር አድልዎ» ይባላል። ጥላቻን አይጠይቅም፤ ዓይን የት እንደሚያርፍ ብቻ በቂ ነው፤ በተደጋጋሚ የሚታይ ልጅ በተደጋጋሚ ሲያጠፋ ይገኛልና።

ሌላው ምንጭ ከግለሰብ መምህር ውጭ ነው። ጥቁር ተማሪዎች የሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች በራሳቸው ለእገዳ የቀረቡ ናቸው። በሰሜን ካሮላይና ቻርሎት ከተማ በ2002 የትምህርት ቤቶች ክልል እንደገና ሲካለል፣ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ልጆች ከመንገድ ወዲህና ወዲያ በመሆናቸው ብቻ ወደ ተለያዩ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። አንድሪው ባከር-ሂክስ፣ እስቲቨን ቢሊንግስና ዴቪድ ዴሚንግ እነዚህን ልጆች እስከ ጉልምስና ተከታትለው፣ እገዳ ወደሚበዛበት ትምህርት ቤት የተመደቡት አድገው የመታሰርና እስር ቤት የመግባት ዕድላቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝተውታል፤ ጉዳቱም ይበልጥ የከበደው በጥቁርና በላቲኖ ወንዶች ላይ ነው። በአሜሪካ «ከትምህርት ቤት ወደ እስር ቤት የሚያደርስ ቧንቧ» የሚለው አባባል እንደ መፈክር ሲሰማ የቆየ ነው፤ ይህ ጥናት የአባባሉን ቢያንስ አንድ ክፍል በመረጃ የደገፈ ነው።

ከጠቅላይ ፍርድ ቤት እስከ 2025ቱ ትዕዛዝ

ተማሪን ማገድ ሕጋዊ ገደብ ያገኘው በ1975 ነው። መነሻው በኦሃዮ ክልል ኮሎምበስ ከተማ ከአራት ዓመት በፊት የተፈጠረ ሁከት ነበር። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ውስጥ ንብረት ሲሰባበር፣ ድዋይት ሎፔዝ የተባለ ተማሪ ከሌሎች ቢያንስ 75 ተማሪዎች ጋር በአንድ ቀን ታገደ። እሱ ግን ቆሞ ይመለከት እንደነበር እንጂ እጁ እንደሌለበት ተናገረ፤ ቃሉን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ተማሪ እስከ አሥር ቀን ለሚደርስ እገዳ እንኳ የተከሰሰበት ነገር ሊነገረውና የራሱን ቃል ሊሰጥ መብት አለው ሲል ወሰነ። ውሳኔው ዛሬም የጸና ነው። በዚያው ዓመት የሕፃናት መብት ተሟጋቾች ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚታገዱ ሪፖርት አውጥተው ነበር፤ ይኸውም ስለ እጥፉ ዕድሜ የሚናገር ነው።

በ1990ዎቹ ነፋሱ ተለወጠ። የ1994ቱ የፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ ይዞ የተገኘ ተማሪ ለአንድ ዓመት እንዲባረር አዘዘ። ከ1999ኙ የኮለምባይን ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ «ዜሮ ቶለራንስ» የሚባለው፣ ሁኔታንና ዕድሜን ሳይመዝን ለተወሰነ ጥፋት የተወሰነ ቅጣት የሚያስቀምጥ አሠራር ለጠመንጃ ከታሰበው አልፎ ለንትርክና ለአለባበስ ጭምር ተዘረጋ።

የኦባማ አስተዳደር ጃንዋሪ 8 ቀን 2014 በትምህርትና በፍትሕ ሚኒስቴሮች ስም ለትምህርት ቤቶች የላከው ደብዳቤ ለዚህ የተሰጠ ምላሽ ነበር። ደብዳቤው ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ አንድ ዓይነት ጥፋት የሠሩ ተማሪዎችን በዘራቸው ለይቶ መቅጣት የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ይጥሳል፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ሁለተኛ፣ ለሁሉም እኩል የተጻፈ ደንብ እንኳ በአንድ ዘር ላይ የሚያሳድረው ጫና ከሌላው ከበዛ፣ ትምህርት ቤቱ ደንቡ የግድ አስፈላጊ መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህ ሁለተኛው በሕግ ቋንቋ «ያልተመጣጠነ ጫና» የሚባለው መርህ ሲሆን፣ የጦፈው ክርክር በሙሉ በዚህ ላይ ነው። ደጋፊዎቹ ሐሳቡ የማይታይ አድልዎን የሚያጋልጥ መሣሪያ ነው ይላሉ። ተቺዎቹ ርዕሰ መምህራን ምርመራ ፈርተው ቁጥር ለማመጣጠን ሲሉ ረባሽን እንዳይነኩ ያደርጋል፣ ጉዳቱም የሚደርሰው አብረው በሚማሩት፣ አብዛኛውን ጊዜም ጥቁር በሆኑ ልጆች ላይ ነው ሲሉ ይመልሳሉ።

ደብዳቤው ከፓርክላንዱ የትምህርት ቤት ግድያ በኋላ በተቋቋመ ኮሚሽን ምክር ዲሴምበር 2018 ተሻረ። የባይደን አስተዳደር በ2023 አለዝቦ የጻፈው ማብራሪያ ወጣ፤ የ2025ቱ ትዕዛዝ ደግሞ ያንን መስመር ዘጋ። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ደብዳቤውም ሆነ ማብራሪያው ሕግ ሳይሆኑ መንግሥት ሕጉን እንዴት እንደሚያነብ የሚገልጹ ሰነዶች እንደነበሩ ነው። የ1964ቱ ሕግ ራሱ አልተነካም፤ ሆን ተብሎ የሚደረግ አድልዎ ዛሬም ክልክል ነው። የተለወጠው ያልተመጣጠነ ጫናን መሠረት አድርጎ የፌዴራል መንግሥት ምርመራ የመክፈት ፍላጎቱ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 ግለሰቦች በዚህ መሠረት ብቻ በራሳቸው ክስ መመሥረት እንደማይችሉ ስለወሰነ፣ መንግሥት ሲተወው የሚያነሣው ሌላ እጅ እምብዛም የለም። ማርች 2025 በትምህርት ሚኒስቴሩ ላይ በተወሰደው የሠራተኛ ቅነሳ ከሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤቱ 12 የአካባቢ ቢሮዎች ሰባቱ መዘጋታቸው ከትዕዛዙ ባልተናነሰ ክብደት ያለው ነገር ነው። አቤቱታ የሚቀበል ሰው በሌለበት የመመሪያው ቃል ምንም ቢሆን ልዩነቱ አነስተኛ ነው።

የተሞከሩት መንገዶች

ከፌዴራሉ ውዝግብ ውጭ ክልሎችና ከተሞች የራሳቸውን መንገድ ሲሞክሩ ቆይተዋል። የካሊፎርኒያው ሙከራ ከላይ በተጠቀሰችው «አለመታዘዝ» በምትለው ሳጥን ላይ በቀጥታ ያነጣጠረ ነው። የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች በ2013 «ሆን ብሎ እምቢተኝነት» በሚል ምክንያት ማገድን አቆሙ። ክልሉ ተከትሎ ክልከላውን መጀመሪያ ለታችኞቹ ክፍሎች፣ ቀጥሎ ለመካከለኛው፣ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደግሞ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አደረሰው። መምህሩ ረባሹን ልጅ ከክፍሉ ማስወጣት ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ግን በዚያ ምክንያት ወደ ቤት ሊያባርረው አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ «ተሐድሷዊ ፍትሕ» የሚባለው ነው። ያጠፋውና የተበደለው ወገን ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንድ የሠለጠነ ሰው ያነጋግራቸዋል፣ ጥፋተኛው ጉዳቱን በምን እንደሚክስ ይስማማሉ። ሽምግልናን ለሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር አስታራቂው በዕድሜና በዝምድና የሚከበር ሽማግሌ ሳይሆን አጭር ሥልጠና የወሰደ፣ ሠላሳ ልጆች ክፍል ውስጥ የሚጠብቁት መምህር መሆኑ ነው። በፒትስበርግ ከተማ 44 ትምህርት ቤቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው የተደረገው የራንድ የምርምር ተቋም ጥናት ይህን ችግር አሳይቷል። ዘዴውን በተገበሩት ትምህርት ቤቶች በእገዳ የሚባክኑ ቀናት ቀንሰዋል፣ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ርቀትም ጠቧል። ይሁንና ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ባሉት ክፍሎች የፈተና ውጤት ወርዷል። በቺካጎ በኋላ በተደረገ ጥናት ደግሞ እገዳም የተማሪ እስርም ሲቀንስ ውጤት አልተጎዳም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መዝዞ መጥቀስ የተለመደ ሆኗል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ግን ዘዴው ከሰውና ከጊዜ ውጭ በወረቀት ብቻ ሲታዘዝ እንደሚከሽፍ ይጠረጥራል።

ወረቀቱ በራሱ የሚያታልልበት ጊዜም አለ። በ2017 በዋሽንግተን ዲሲ የወጣ የጋዜጣ ምርመራ አንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእገዳ ቁጥራቸው እንዲያንስ ተማሪዎችን ሳይመዘግቡ ወደ ቤት ይልኩ እንደነበር አጋልጧል። ያልተመዘገበ እገዳ ከተመዘገበው ይከፋል፤ ወላጅ ይግባኝ የሚልበት ነገር የለውም።

ርካሽ የሆኑት ሙከራዎች ሳይጠበቅ ጥሩ ውጤት ሰጥተዋል። ኦኮኖፉዋ ከባልደረቦቻቸው ጋር በካሊፎርኒያ አምስት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን በአጭር የኢንተርኔት ሥልጠና ቅጣትን በተማሪው እግር ሆነው እንዲያስቡት አደረጉ፤ ሥልጠናውን በወሰዱት መምህራን ተማሪዎች መካከል የታገዱት ከ9.6 ወደ 4.8 በመቶ፣ ማለትም በግማሽ ወርደው ተገኙ። በሰሜን ካሮላይና መዝገብ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ጥቁር ተማሪ በጥቁር መምህር ሲማር የመታገድ ዕድሉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአገሪቱ ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ግን ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ ነጮች ናቸው።

በክልል ደረጃ የቀረውና ለኢትዮጵያውያን ወላጆች ያለው ትርጉም

የፌዴራሉ መንግሥት ወደ ኋላ ሲል ጉዳዩ ወደ ክልሎች ይሸጋገራል፤ ስለዚህም ልጁ የት እንደሚማር ወሳኝ ይሆናል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የዋሽንግተን አካባቢ ብንወስድ፣ ወንዝ መሻገር ብቻ ሕጉን ይለውጠዋል። ሜሪላንድ ከ2017 ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች እንዳይታገዱ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከልክላለች። ቨርጂኒያ በ2018 እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለውን እገዳ በመርህ ደረጃ በሦስት ቀን ገደበች፣ ረጅሙን እገዳም ወደ 45 የትምህርት ቀናት አወረደች። ዲሲ በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ በሁለተኛ ደረጃ በአለባበስና በመሰል ቀላል ምክንያቶች ማገድን አስቀርታለች። ቴክሳስ በአንጻሩ በ2017 ለትንንሾቹ ያጠበበችውን በር በ2025 መልሳ አስፍታለች፤ በዳላስ አካባቢ ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

መምህርን ከማክበር ጋር ያደገ ወላጅ ከትምህርት ቤት ሲደወልለት የመጀመሪያ ሥራው ልጁን መቆጣት፣ ሁለተኛው ይቅርታ መጠየቅ ይሆናል። ፈረሙ የተባለውን ይፈርማል። የአሜሪካው አሠራር ግን ወላጁ እንዲከራከር የሚጠብቅ ነው፤ ያልተከራከሩበት ጥፋት እንደታመነ ይቆጠራል። ተማሪው ከመታገዱ በፊት የሆነውን በራሱ አንደበት እንዲናገር መጠየቅ፣ ቅጹ ላይ የትኛው ሳጥን እንደተመረጠ ማየት፣ ልጁ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚከታተል ከሆነ ከአሥር የትምህርት ቀናት ካለፈ እገዳ በፊት ጠባዩ ከችግሩ የመጣ መሆን አለመሆኑ እንዲመረመር ማሳሰብ፣ ይህ ሁሉ ዛሬም በሕግ ያለ መብት ነው። ልጁ ለራሱ ክስ አስተርጓሚ መሆን የለበትም። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከታሰቡት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ይሁን እንጂ የኢትዮጵያውያን ልጆች ከሌሎች ጥቁር ተማሪዎች የበለጠ ወይም ያነሰ ይታገዱ እንደሆነ ከአገር አቀፉ ሠንጠረዥ ማወቅ አይቻልም። ልጅየው ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣም ይሁን አያት ቅድመ አያቶቹ በአላባማ ጥጥ የለቀሙ፣ የሚቆጠረው «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚለው አንድ መደብ ውስጥ ነው። የኋይት ሐውስ የበጀት መሥሪያ ቤት በማርች 2024 ያሻሻለው የፌዴራል የዘር መጠይቅ በዚህ መደብ ሥር ስድስት ንዑስ ሳጥኖች አስቀምጧል፤ አፍሪካ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ እና ሶማሊያዊ። ለመሥሪያ ቤቶች መጀመሪያ የተሰጠው የማስተካከያ ጊዜ እስከ ማርች 2029 ነበር። መጠይቁ ሳይቀለበስ የተማሪ ምዝገባ ቅጽ ላይ ከደረሰ፣ ከእገዳ መዝገቡም ጋር ከተገናኘ፣ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ልጆች በስማቸው የሚቆጠሩበት የመጀመሪያው ጊዜ ይሆናል። ከ12 ቢሮዎች አምስት የቀሩለት ጽሕፈት ቤት ያንን ቁጥር ይሰበስብ ወይም ይተወው እንደሆነ እስካሁን የተወሰነ ነገር የለም።